አልተጣበቀም

የጠመኔ ብናኝ ጣቴ ላይ ሲቀር አልወድም። ዛሬ ግን ሳላራግፈው ቆየሁ። ለተማሪዎቼ ምዕላድ እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ «አልተጣበቀም» ብዬ ጻፍኩና ቃሉን ልበጣጥስላቸው ስል እጄ ቆመ። ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም»፤ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ከመሐሉ ጋር ተጣብቀው ነገሩን የሚክዱት። ተማሪዎቹ ረሳችው ብለው ተሳሳቁ። እኔ ግን በሐሳቤ መካነ ሰላም ከተማ፣ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ በር ላይ ነበርኩ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ተገላግላ እልል ካልን በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሟ ወጥታ «አሁኑኑ ደም ካላገኘች አናተርፋትም» አለችን፣ እንዲሁ፣ ምንም ሳታለዝብ። የነበረው ደም አልቋል፤ ወደ ደሴ የተላከው መኪና ደግሞ በዚያ ክረምት መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል። ባሏ ሳዑዲ ነው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። የቀረነው አባቴና እኔ ነበርን።

አባቴ በሰፈራችን ቁርኣን የሚያቀሩ ሰው ነበሩ። ውሸት አይወዱም፤ ለቀልድ እንኳን የዋሸ ልጅ ፊታቸው አይቆምም ነበር። የላቦራቶሪው ባለሙያ ገና ሳይጠይቃቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉለት።

«ሁሉንም ቅዳው» አሉት። «ለኔ ምን ያረግልኛል?»

ባለሙያው ከሳቸው ደም ጠብታ ወስዶ ከእህቴ ደም ከተለየው ውሃ ጋር በቀጭን መስታወት ላይ ቀላቀለው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዘነበለ ያወዛውዘው ጀመር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የአልኮሉ ሽታ ይሰነፍጠኛል። ከማዶ ክፍል ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማል፤ የእህቴ ድምፅ ግን የለም። አንገታችንን አስግገን አየን። ለስላሳ የነበረው ቀይ ነገር ቀስ በቀስ እንደተበላሸ ወተት ጓጎለ።

«ተጣበቀ» አለ ባለሙያው፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል።

«አልሃምዱሊላህ!» አባቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እኔም ተጠመጠምኩባቸው። ምን እናውቃለን? በኛ አገር ቁስል ተጣበቀ ከተባለ ዳነ ማለት ነው። ደምና ደም ሲጣበቅማ ዘመድ ዘመዱን አወቀ እንጂ ሌላ ምን ሊባል ነው!

ባለሙያው ቀና ብሎ አያቸው። ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ጭንቀቱ ያስታውቃል።

«አይ አባባ፣ ደም ሲጣበቅ እምቢ ማለቱ ነው። የርስዎ ከተሰጣት ሥሯ ውስጥ እንዲህ እየጓጎለ ይገድላታል።»

ሰው ቆሞ ሲያጥር ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቴ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ከዚያ እኔ እንዳልሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ አይደለችም እንዴ?» አሉት።

«ወላሂ ልጅዎ ናት! የእናቷን ደም ወርሳ ይሆናል እንጂ። ስንቱን አባት እንዲህ ያጋጥመዋል፣ አብሽሩ።»

የሰሙት አልመሰለኝም። ባለሙያው ሌላ መስታወት አነሳና የእኔን ደም ጠብ አደረገበት። ቅድም ይጣበቅ ብዬ የለመንኩትን ፈጣሪ አሁን ደግሞ ያ ረቢ፣ እንዳይጣበቅ እያልኩ ለመንኩት። ሳይስቅብኝ አልቀረም። መስታወቱ ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ። ባለሙያው አንዴ አየና አላመነም፤ ደግሞ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው።

«አልተጣበቀም።»

«ም»ን እስኪጨርስ ድረስ አልተነፈስኩም።

የቀረውንም ምርመራ አቻኩሎ ጨረሰና ደሜ ተቀዳ። ጥቂት ጋደም ብዬ ሻይ ከጠጣሁ በኋላ ወደ እህቴ ክፍል ገባሁ። ከረጢቱ ተንጠልጥሏል፤ ከንፈሯ ቀለም መያዝ ጀምሯል። አባቴ ከአልጋው ራቅ ብለው፣ ሊጠይቅ እንደመጣ ጎረቤት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አንጀቴን በሉት።

እህቴ ዓይኗን ገለጠች። ከረጢቱን አየች፤ ከዚያ እሳቸውን።

«አባ፣ ያንቱ ነው?»

አባቴ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እሳቸው ሌላ ነገር ማለት አይችሉበትም። ቀደምኳቸው።

«አዎ፣ የአባ ነው» አልኳት።

ዞረው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው መጡና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። እሷም እንደተያዘች ተኛች።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ከአባቴ ጋር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። የተቀበሩ ዕለት እህቴ «ደምዎን ሰጥተው ያተረፉኝ አባቴ» እያለች ስታለቅስ፣ ወገቧን ደግፌ «አዎ፣ አዎ» እላት ነበር።