የእትዬ አስካለ ጃንጥላ

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ አስካለ «አቁም፣ አቁም» አሉኝና ከመኪናዬ ወርደው አስፋልቱ ዳር ሦስት ጊዜ ሰገዱ...

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። እትዬ አስካለ የየሺ እናት ናቸው። ከአዲስ አበባ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ አጠገብ ባለች ጠባብ አፓርታማ ተዘግተው ይውላሉ። ትንሹ ልጃቸው ተፈራ በእግሩ ወደ ሱዳን ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። እሳቸውም እህል እያስጠላቸው፣ በየቀኑ እየከሱ ሄዱ።

እኔ ያኔ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና አቆማለሁ። ዓይኔ ደግሞ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ የሺ ላይ ነበር። ስለዚህ «ግርሜ፣ እኔ ዊኬንድ ደብል ሺፍት ነኝ... ሶ እማዬን አንድ ቦታ ወስደህ አናፍስልኝ፣ ኦኬ?» ስትለኝ ቃሏን ሳትጨርስ ነው እሺ ያልኩት።

ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል ነድቼ ሳን ሲሚዮን ደረስን። ባሕር ዳር ያለች የድሮ መንደር ናት። ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ አንድ ያረጀ ሱቅ፣ ሌላው ውኃ ነው። ከመንደሯ በላይ ግን ተራራው ጫፍ ላይ ሁለት ነጭ ግንብ ጎን ለጎን ቆሟል። አንድ በጋዜጣ የከበረ ፈረንጅ ለራሱ የሠራው ካስል ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ለጎብኚ ተከፍቷል። እትዬ አስካለ የሰገዱት ለዚያ ነው።

«ገዳም ነው አይደል ልጄ? ተራራ ላይ ሌላ ምን ይሠራል?»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ግን ፊታቸውን አየሁት... ከመጡ ጀምሮ እንዲያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

«አዎ እትዬ» አልኩ።

መንደሯ ውስጥ ምሳ ልጋብዝ ብል «ሳልሳለም እህል በአፌ አይዞርም» አሉ። በውሸት ገዳም የእውነት ጦሜን ዋልኩ።

በአውቶቡስ ወደ ላይ ወጣን። በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። አስጎብኚዋ ምን ሆነው ነው ብትለኝ እግራቸውን አሟቸው ነው አልኳት። ትልቁ የመዋኛ ገንዳ ጋ ስንደርስ «ጠበሉ ይሄ ነው?» አሉኝ። ዙሪያውን ራቁታቸውን የቆሙትን የድንጋይ ሐውልቶች ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። አዳምና ሔዋን ናቸው አልኳቸው። ውሸት አንዴ በር ከከፈቱላት ቤተሰቧን ሁሉ ይዛ ነው የምትገባው።

እስከዚህ ድረስ ሳቄን ነበር የምታገለው። ከዚያ አንድ ክፍል ገባን። ሰውዬው ከአውሮፓ ያስመጣቸው አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ ልጇን ያቀፈች የማርያም ሥዕል አለች። እትዬ አስካለ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ።

«እመቤቴ፣ የተፈራዬን ድምፅ አሰሚኝ። ካሰማሽኝ ጃንጥላ ይዤ እዚሁ ድረስ እመጣለሁ።»

ጎብኚው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አስጎብኚዋ ምን እያሉ ነው ስትለኝ «ቤቱን ወደውት ነው» አልኩ። ሳቄ ግን ጠፋ። በሌላው ሁሉ ይቀለድ ይሆናል፣ በስለት አይቀለድም።

ሁለት ወር ሳይሞላ የሺ ሥራ ቦታዬ ደወለች። «ተፈራ አለ... ካርቱም ነው... ደብዳቤ ጻፈ» እያለች ታለቅሳለች። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

በሳምንቱ ቤታቸው ስሄድ እትዬ አስካለ ጃንጥላውን ታቅፈው ጠበቁኝ። ሰማያዊ ከፋይ አልብሰውታል። ከመጋረጃ ሱቅ ያስገዙትን ወርቃማ ዘርፍ ዙሪያውን በእጃቸው ሰፍተውበታል።

«በል፣ ቅዳሜ ውሰደኝ። ስለት ማሳደር ደግ አይደለም።»

ያኔ ነው የተናዘዝኩት። «እትዬ... ገዳም አይደለም። የሀብታም ቤት ነው። ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ።»

የጃንጥላውን ዘርፍ በጣታቸው ያስተካክሉ ጀመር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሥዕሏስ?»

«ሥዕሏማ የእመቤታችን ናት። ሰውዬው ገዝቶ ነው ያመጣት።»

«እሷንም ከቤቷ አውጥተው ሰው ሳሎን ሰቀሏት በለኛ።» ጃንጥላውን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «የተሳልኩት ለእሷ ነው፣ እሷም ሰምታኛለች። እኔ ግን እያወቅሁ የሰው ሳሎን ገብቼ አልሰግድም። የዋሸኸው አንተ፣ የምታደርሰውም አንተ። እግሯ ሥር ካስቀመጥክልኝ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ጠባቂው ጃንጥላውን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ዕቃ ይዞ መግባት አይቻልም አለ። ስለትን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክሬ አቃተኝ። እየደጋገምኩ ብለምን ኖሮ ምናልባት ኃላፊውን ይጠራልኝ ነበር። አፈርኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ዘርፉን እያዩ ነበር። መንደሯ ወርጄ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ዋልኩና ጃንጥላውን መኪናዬ ኋላ ሸሽጌ ተመለስኩ።

«አደረስክልኝ?»

«አዎ እትዬ።»

ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ። በዓመቱ የሺን ዳሩልኝ።

እትዬ አስካለ ካረፉ ቆዩ። ጃንጥላው ጋራዥ ውስጥ ከመሣሪያ ሳጥኔ ጀርባ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። ቤተ ክርስቲያን ልሰጠው ስንት ጊዜ አንስቼ መልሼዋለሁ። እሳቸው ያሉኝ ግን እዚያ ነው... ይቅርታውም «ካስቀመጥክልኝ» ተብሎ ነው የተሰጠኝ።

ሎስ አንጀለስ በዓመት ስንት ቀን ቢዘንብ ነው... በዘነበ ቁጥር የሺ «ይሄን ያህል ዓመት ኖረን ከቤታችን አንድ ጃንጥላ ይጥፋ?» ትላለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እየበሰበስኩ እወጣለሁ።