የሽንኩርት መዝሪያው ዲስክ

ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ የባለቤቴን አልጋ ከትንሿ ክፍል አውጥተን ጓዳ አስገባነው። ማሽኑ ግን እዚያው ቀረ።

ማሽኑን የሠራው እሱ ነው። ዕድሜውን በእርሻ መሣሪያ ጥገና ያሳለፈ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከአሉሚኒየም የመስኮት ፍሬም ቁርጥራጭ፣ ከአሮጌ ፕሪንተር ከተፈቱ ሞተሮችና መዳፍ ከምታክል አንዲት ቦርድ ጠረጴዛ የሚሞላ ነገር ገጣጠመ። ሲኤንሲ ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ የተሳለውን ሥዕል ተከትሎ እንጨትና ፕላስቲክ ይቆርጣል፣ ይፈለፍላል። ሶፍትዌሩን የጻፉት የማያውቃቸው የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፤ ጽፈው በነፃ ለቀውታል፤ የፈለገ ሰው ውስጡን ከፍቶ እንደሚመቸው ያስተካክለዋል። ባለቤቴ ከማሽኑም በላይ በዚህ ይደሰት ነበር። ክዳኑ ያልተበየደ ማሽን ማግኘት ማለት ይህ ነው ይለኝ ነበር።

እኔ በጊዜው ብዙም አላስተዋልኩትም። በመጨረሻዎቹ ወራት አልጋው ክፍሉ ውስጥ ከማሽኑ አጠገብ ነበር፤ እሱ ላፕቶፑን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጎ ይነካካል፣ እኔ ፊቱን አያለሁ።

ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት የምታለማ እህት አለችው። ለችግኝ መደቧ በእጅ የሚገፋ መዝሪያ ሠርቶላት ነበር። ጎማው ሲዞር ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ዲስክ አብሮ ይዞራል፤ በዲስኩ ፊት ዳር ዳሩን የተፈለፈሉት ጋደል ያሉ ትናንሽ ጉድጓዶች ዘሩን አንድ በአንድ እየዘገኑ መሬት ላይ ይጥላሉ። ያ ዲስክ ተሰነጠቀ። መሰንጠቁን ያየችው መደቡን አለስልሳ፣ አጠጥታ፣ የዘሩን ቆርቆሮ ከከፈተች በኋላ ነው። የሽንኩርት ዘር አንዴ ከተከፈተ በዚያ ሙቀት ብዙ አይቆይም። በእጅ ከተበተነ ደግሞ ይተፋፈግና አብዛኛው ይባክናል።

ደወለችልኝ። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ እትዬ ትለኛለች፣ ግን አንቺ እያለች።

"አካም ጅርታ፣ እትዬ? ማሽኑ ላንቺ አይደል የቀረው? ወይስ የአበባ ማስቀመጫ አደረግሽው?"

የአበባ ማስቀመጫ አላደረግኩትም። የተተኮሰ ልብስ ነበር የደረደርኩበት።

የዲስኩ ሥዕል ላፕቶፑ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ ወንድሟ አሳይቷታል። እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ በእጄ እበትነዋለሁ ብላ ዘጋችው።

ልብሱን አነሳሁና ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው፤ ስለ ሞተር የማውቀው የለም። ማንበብ ግን እችላለሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ አራት ቀስቶች አሉ፤ ሲጫኗቸው የመቁረጫው ራስ ይንቀሳቀሳል። የቀኙን ተጫንኩ። ራሱ ወደ ግራ ሄደ። ደግሜ ተጫንኩ፤ አሁንም ወደ ግራ። ፈራሁ ልበል? አልፈራሁም። ከስንት ጊዜ በኋላ ለምን ይሆን ብዬ መጠየቄ ራሱ ገረመኝ።

የሶፍትዌሩን መመሪያ ከኢንተርኔት አውጥቼ በቀስታ አነበብኩ። የማሽኑ ጠባይ ሁሉ በተራ የተደረደሩ ቁጥሮች ነው፤ ፍጥነቱ አንድ ቁጥር፣ የእርምጃው ርዝመት ሌላ ቁጥር። አቅጣጫን የሚወስን አንድ መስመርም አለ። ዜሮ ከተጻፈ ሞተሮቹ እንደታሰሩት ይሄዳሉ። አንድ ግራና ቀኙን ይገለብጣል፣ ሁለት ፊትና ኋላውን፣ ሦስት ሁለቱንም። ባለቤቴ የጻፈው ሦስት ነበር።

በሕመሙ ደክሞ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ግራና ቀኙን ብቻ ለማቃናት ሦስቱን ወደ ሁለት ቀየርኩት። የቀኙን ቀስት ስጫን ራሱ ወደ ቀኝ ሄደ። ብቻዬን ሳቅኩ። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ስሞክር ራሱ ወደ እኔ መጣ፤ ግን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ "ላይ" የቱ እንደሆነ ስላልገባኝ አለፍኩት።

ከኩሽና የፕላስቲክ መክተፊያዬን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ በብሎን አሰርኩ፤ ማሽኑም እየጮኸ ነጭ ፍቅፋቂ ሲበትን አንድ ክብ ነገር ወጣልኝ። ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጉድጓዶቹ አሉ። በፌስታል ጠቅልዬ በዓለም ጤና አልፎ ወደ መቂ በሚሄድ ሚኒባስ ላክሁላት።

ሐሙስ ከሰዓት ደወለች።

"ዘሩን ይዞ ይዞራል እንጂ አይጥልም።"

"ገልብጠሽ ሞክሪው።"

"ገልብጬዋለሁ። ጀርባው ሜዳ ነው፣ በምኑ ይዝገን? እትዬ፣ የእሱ ጉድጓድ በአንድ በኩል ነው የተጋደመው፣ ያንቺ በሌላ በኩል።"

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። እውነቷን ነው። የእኔ ዲስክ የእሱ የመስታወት ምስል ነበር።

ሥዕሉ ያው ሥዕል፣ ማሽኑ ያው ማሽን ነው። የተለየው እኔ የቀየርኩት ቁጥር ብቻ ነው። በመቁረጫው ቦታ እስክሪብቶ በላስቲክ አሰርኩና ወረቀት ዘረጋሁ። ወደ ቀኝ ነዳሁት፤ በቀኝ በኩል መስመር አሰመረ። ወደ ላይ ነዳሁት፤ መስመሩ ወደ ሆዴ መጣ። ያን ጊዜ ነው ካርታ ትዝ ያለኝ። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ላዩ ከአንባቢው የራቀው ጠርዝ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስንቴ ነግሬያለሁ። ስለዚህ ወደ ላይ ማለት ከእኔ መራቅ ነበረበት። ግማሹን አቃንቼ ግማሹን እንደተገለበጠ ትቼዋለሁ፤ ዲስኩን መስታወት ያደረገው ያ ነው።

ያ ከሆነ ግን እሱ ሁለቱንም አጣሞ ነበር ማለት ነው። ሚሊሜትር የሚያስጨንቀው ሰው ቀኝንም ፊትንም እንዴት አንድ ላይ ይስታል?

ወረቀቱን ለማየት ጠረጴዛውን ዞሬ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። አልጋው የነበረበት ቦታ ነው፤ ሊሾው ላይ እግሮቹ የቆሙበት አሁንም ይታያል። ጎንበስ አልኩና ትራሱ የነበረበትን ከፍታ ያህል ዝቅ ብዬ ማሽኑን አየሁት። በበሩ በኩል ቆሜ ግራ ያልኩት ከዚህ ቀኝ ነው። ወደ እኔ መጣ ያልኩት ከዚህ የራቀ ነው። እሱ አልተሳሳተም። ማሽኑን ተኝቶ ከሚያይበት በኩል ነው ያስተካከለው። ወደ ፊት ማለት ለእሱ ወደ በሩ ነበር፣ እኔ ውሃ ይዤ ወደምገባበት።

ዞሬ ወደ ላፕቶፑ ተመለስኩ።

ዲስኩ በሦስትም በዜሮም ልክ ይወጣል። ሁለቱም ከተገለበጡ፣ ወይም ሁለቱም ካልተገለበጡ፣ ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ዞሮ ይተኛል እንጂ መስታወት አይሆንም። ስለዚህ የእሱን ቁጥር መመለስ እችል ነበር፤ እጄም ሦስትን ለመጻፍ ሄዶ ነበር። ግን አልጋው የለም። ከእንግዲህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ካለ በበሩ በኩል የምቆመው እኔ ነኝ። ዜሮ ጻፍኩ። ከዚያ አራቱንም ቀስቶች በተራ ሞከርኩ።

ዓርብ ጠዋት መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ ከመክተፊያው ትራፊ ሁለተኛውን ዲስክ ቆረጥኩ። ሳልጠቀልለው በፊት ከፎቶው ጋር ጉድጓድ በጉድጓድ አስተያየሁት። የመቂው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ደረስኩ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ነፋስና የጎማ ሲጥሲጥታ ይሰማኛል።

"እትዬ።"

"ጣለ?"

"ቆይ፣ እየገፋሁ ነው።" ትንፋሿ ይሰማኛል። "ጣለ። አንድ አንድ እያለ ነው። ልክ እንደሱ።"

ስልኩን ማናችንም አልዘጋንም። ጎማው ሲጥ እያለ መደቡን ሲጨርስ ሰማሁ።

ችግኙ ሲበቅል ሄጄ አየሁት። እንደ ክር ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ መስመር በመስመር ቆሟል። አንዱ መስመር ብቻ ከመካከል ጀምሮ ወደ ጎን ተንጋዷል። ማሽኑ ነው ወይ ብዬ ደነገጥኩና ጠየቅኳት።

"ማሽኑ ምን አደረገ?" አለችኝ። "ላንቺ ስደውል በአንድ እጄ ስገፋ ነው።"