ደም የነካው ኢቃማ

ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ዓርብ ዓርብ፣ ተራራ ስንወጣ ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በዕረፍት ቀኑ እናቴንና እኔን ይዞ ወደ አል-ዓሪዳ ይወጣል። እዚያ መንገድ የሚመራን አያ ሰይድ ነበር፦ በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማ የሌለው፣ ለአንድ ሳዑዲ ፍየል የሚጠብቅ የወሎ ሰው። ያኔ በጥዱና በወይራው መሀል ከፊት ከፊታችን እየሄደ፣ ቅርንጫፉን በዱላው እየገለጠልን፣ የዝንጀሮ ተረት ይነግረኝ ነበር። በእሱ ተረት ዝንጀሮ ሁልጊዜ አስቂኝ ነው።

እናቴ የሦስታችንን ኢቃማ የምታስቀምጠው በስንቅ ከረጢቱ፣ ከዳቦው ሥር ነበር። ሌባ ቢመጣ ቦርሳ እንጂ ዳቦ አይነካም ባይ ናት። አንድ ዓርብ ጫፉ ላይ ልንደርስ ስንል ለሻይ እሳት አነደድን፤ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ተረቱን ስሰማ፣ ጋማው የተንዠረገገ ወንድ ዝንጀሮ ከቋጥኙ ዘሎ ከረጢቱን ነጠቀ።

«ኢቃማው!» ብላ እናቴ ጮኸች።

አያ ሰይድ ተወርውሮ ማንገቻውን ያዘ። ዝንጀሮው ዞሮ ክንዱን ነከሰው፤ ጥርሱ አጥንት ሲነካ ሰማሁ። አያ ሰይድ ግን አልለቀቀም። በሌላ እጁ ድንጋይ አንስቶ ጭንቅላቱን መታው፣ ደገመው፣ ዝንጀሮው ከሞተም በኋላ ይመታው ነበር፤ ፊቱ ላይ ደም ተረጭቶ የማላውቀው ሰው መሰለኝ።

«ኸላስ፣ ሰይድ! ኸላስ!» እያለ አባቴ ከኋላው አቅፎ ጎተተው።

ክንዱ ተቦጭቆ ሥጋው ተንጠልጥሏል። እናቴ ሻሿን ፈትታ ስታስርለት አባቴ «ያላ፣ ሙስተሽፋ እንውሰድህ፣ ሐኪም ይይህ» አለው።

«ያለ ወረቀት? ገና ኬላው ላይ ያወርዱኛል። እናንተ ውረዱ፣ ልጅቷ ፈርታለች።»

ትተነው ወረድን። ኬላው ላይ ወታደሩ ደም የነካውን ኢቃማችንን ተቀብሎ የራሱን አውራ ጣት አየ፤ ቀልቷል። ምን እንደሆነ ጠየቀ።

«የፍየል ደም ነው፤ አርደን ነው» አለ አባቴ።

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ወታደሩ ስቆ አሳለፈን።

በሁለተኛው ሳምንት ስንመለስ ፍየሎቹን ሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር። «ሰይድ ክንዱ አብጦ፣ በትኩሳት ሲቃዥ ሰንብቶ ሞተ፤ እዚሁ ተራራው ላይ ቀበርነው» አለን አዲሱ እረኛ።

ያን ቀን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይይዙት ነበር፤ ይዘውም ወደ ሐኪም ይወስዱት፣ ኋላም ወደ አገሩ ይመልሱት ይሆናል። ዛሬ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ያኔ ግን ለማናችንም ከመያዝ የከፋ ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።