ከወይን በርሜል የቀዳሁት ፈረንሳይኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር በተከራየንበት ግቢ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ፈረንሳይኛ እንዲያስጠኑኝ በየምሽቱ ወደ እሳቸው እላክ ነበር። እሳቸው ግን ያስጠኑኝ ኮርሲካን ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል።

ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩት በአማርኛ ነው። ቀጥሎ ወዳለው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት፣ ኮሌዥ ወደምንለው፣ ለመግባት በፈረንሳይኛ የቃል ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። ካላለፍኩ ከከተማው ዳር፣ ባልባላ፣ አክስቴ ሱቅ ገብቼ ልብስ እንድሸጥ ተወስኗል። ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ልጅ ስለነበርኩ ሁለቱም ያስፈሩኝ ነበር፤ መማሩን ግን በጣም እፈልገው ነበር። እናቴ «ጋሽ ደምሴ እንደ ፈረንጅ ነው የሚናገሩት፤ አጠገባቸው ቁጭ ብትዪ እንኳ ይጋባብሻል» አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ ቀን ቀን ወደቡ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ያበስላሉ፤ ሲመሽ ደጃቸው ላይ ከሰል አያይዘው ለራሳቸው ዓሣ ይጠብሳሉ። በሙቀቱ ወራት መብራት ስለሚጠፋ ፋኖሱን በርጩማ ላይ ያስቀምጡልኛል። የዓሣው ስብ ፍሙ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ጭሱ ተነስቶ ደብተሬ ላይ ይተኛል፤ ያኔ እኔ ዓይኔን እያሻሸሁ «ጋሼ፣ ‹መሆን› የሚለውን ግስ እንቀጥል?» እላለሁ፣ ቀስ ብዬ።

«እንቀጥላለን። ግን ኮርሲካ በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ያየሁትን ነግሬሻለሁ?»

ነግረውኛል። ግሱ ግን በዚያው ያልቅለታል።

ወጣት ሳሉ እዚህ ጅቡቲ አንድ የፈረንሳይ መኮንን ቤት ያበስሉ ነበር። መኮንኑ ጡረታ ሲወጣ በሜዲትራንያን ባሕር መሐል ወዳለችው የትውልድ ደሴቱ፣ ወደ ኮርሲካ፣ ይዟቸው ሄደ። የአባቱ የወይን እርሻ እዚያ ነበር፤ በበጋ ደግሞ በአውቶቡስ የሚመጡ ቱሪስቶች ወይኑን እየቀመሱ የአገሩን ወግ መስማት ይፈልጋሉ። የመንደሩ ሰዎች ግን ወሬ አይወዱም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው እንግዳውን ማየት ብቻ ነው። መኮንኑ ቢጨንቀው ለጋሽ ደምሴ ጥቁር ሰደርያ አልብሶ፣ ቀይ መቀነት አስታጥቆ፣ ካቭ ከሚሉት ከመሬት በታች ካለው የወይን ማከማቻ በር ላይ አቆማቸው።

«እኔ የአሰበ ተፈሪው ልጅ» ይሉኛል፣ ዓሣውን እየገለበጡ፣ «ለፓሪስ ሰው የኮርሲካን ወግ አስረዳ ጀመር።»

«አያፈጡብዎትም ነበር?»

«ያፈጣሉ እንጂ። ያፈጠጠ ሰው ደግሞ በደንብ ይሰማል።»

መጀመሪያ ያዩትን ነበር የሚናገሩት፤ ወንዶቹ ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀባብለው እንደሚዘፍኑ፣ በክረምት ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ሻተኝ የሚሉትን ለውዝ መሳይ የዛፍ ፍሬ በጭስ እያደረቁ ሽማግሌዎቹ ከሥር ተረት እንደሚያወሩ። ያ ሲያልቅባቸው ፈጠሩ። አንድ ቀን ወይን ሲቀዱ እጃቸው ለምዶባቸው፣ እናታቸው ጠላ ስትቀዳ እንደምታደርገው፣ ትንሽ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። አንዲት ቱሪስት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። «የደሴቲቱ ወግ ነው፤ መርዝ ካለው ባለቤቱ ይቅደም ነው» አሏት። ጉድ ተባለ፤ ፎቶ ተነሳ። በሚቀጥለው በጋ የመንደሩ ሰዎች ሁሉ በመዳፋቸው እየቀመሱ እንግዳ ተቀበሉ። ከእነዚያ እጅ አጣጣፊዎች አንዱማ ጋሽ ደምሴን ገለል አድርጎ «አንተ እንግዳ ስለሆንክ አልፈርድብህም፤ የአያቶቻችን ወግ ግን በቀኝ መዳፍ ነው» ብሎ ገሠጻቸው።

የግቢያችን ባለቤት፣ የድሬዳዋዋ እማማ ሐሊማ፣ ጀሪካን ይዘው ሲያልፉ ይሰማሉ። «አቦ ደምሴ፣ ልጅቷን ስካር ነው እንዴ የምታስተምራት?»

«ማስቀመስ ነው ሐሊማ። ስካር ሌላ ሙያ ነው።»

እኔም እስቅ ነበር። ይበልጥ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከሳቁ በኋላ ለቱሪስቶቹ የሚሉትን ቃል በቃል ያስደግሙኛል፤ እኔም እየተማርኩ መሰለኝ።

የፈተናው ቀን እናቴ ኮሌዡ እስካለበት ሰፈር፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ድረስ አደረሰችኝ። ፈታኟ መነጽር ያደረጉ ደግ ሴት ነበሩ። በፈረንሳይኛ «ስለ ቤታችሁ ንገሪኝ» አሉኝ። ‹ግቢ› ማለት አላውቅም፤ ‹ጎረቤት›፣ ‹ወንድም›፣ ‹እንኖራለን› ማለት አላውቅም። እሳቸው ጠበቁኝ። ከዚያ አፌ በራሱ ተከፈተና፣ በጠራ ፈረንሳይኛ፣ «እንኳን ወደ ካቫችን በደህና መጡ። ደረጃው ያንሸራትታል፣ ይጠንቀቁ» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤታችሁ ከመሬት በታች ነው?»

አፍሬ «አዎ» አልኩ።

«ምን አለ ታዲያ እዚያ?»

«በርሜል» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? «ባለቤቱ መጀመሪያ በመዳፉ ይቀምሳል» ብዬም ጨመርኩ። ወደቅሁ።

የዚያን ቀን ምሽት ጋሽ ደምሴ ከሰሉን ሲያራግቡ ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ። ስንት ምሽት ደብተሬን ይዤ እንደመጣሁ፣ ስንቴ ‹መሆን› ላይ እንደቀረን፣ ከነገ ወዲያ ሱቅ እንደምገባ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እማማ ሐሊማ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው ቆሙ። በዕድሜዬ እንደዚያ ረጅም ተናግሬ አላውቅም። ጋሽ ደምሴ ማራገቢያውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንዲህ አድርገሽ ብትነግሪያቸው ኖሮ ታልፊ ነበር» አሉ።

«ይሄ እኮ አማርኛ ነው።»

«እሱስ ነው» አሉና ዓሣውን ገለበጡ።

በማግስቱ ራሳቸው ጠሩኝ። ተረት የለም፤ ግስ በግስ ላይ። ሦስት ምሽት ቻልኩት። በአራተኛው «እጁን ያጣጠፈው ሰውዬ ከዚያ በኋላስ ምን አለ?» ብዬ የጠየቅሁት እኔው ነኝ።

አሁን እንደማስበው፣ ከዚያ ደሴት ከተመለሱ ወዲህ ቁጭ ብሎ የሰማቸው ሰው ከእኔ በስተቀር አልነበረም። ይህን መረዳቴ ግን ግስ አይሆነኝም። ባልባላ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ አይቼው የማላውቀውን ደሴት ወግ፣ ቀምሼው የማላውቀውን ወይን ጣዕም በፈረንሳይኛ መተንተን እችላለሁ፤ ‹እጅጌ› ለማለት በጣቴ እጠቁማለሁ፣ የጤና ጣቢያ ቅጽም ሰው ይሞላልኛል። ፈረንሳይኛ የሚናገር ደንበኛ ሲገባ «እንኳን ደህና መጡ» እላለሁ፤ ድምፄም አይንቀጠቀጥም። ከዚያ የሚቀጥለውን ቃል ስፈልግ የሚመጣልኝ በርሜል ነው።