ለአባቴ የመጣው አልጋ

ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ወደ መካነ ሰላም ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ለአባታችን በሁለት ዛፎች መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ አመጣችላቸው። አባታችንን ለዓመታት የማጥባቸው፣ መድኃኒታቸውን የምሰጣቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ አልጋውን እያሳዩ «ልጄ አመጣችልኝ» ይላሉ። ልጄ ሲሉ እኔን እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

እህቴ ገመዱን ከግቢያችን ጽዶች ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ወጥራው ስለሄደች፣ ጨርቁ ትከሻቸውን ጭምድድ አድርጎ ይይዛቸው ጀመር። አንድ ቀን ወገባቸውን ይዘው ሲነሱ ውስጤን ደስ አለው።

«አባ፣ ይቅርብዎት፤ ላውርደው» አልኳቸው።

«እሷ ያመጣችውንማ አላስወርድም። እስቲ አንቺ አስተካክዪልኝ» አሉኝ።

እያረረኝ ገመዱን ፈታሁ። ጫፎቹን ከፍ አድርጌ አሰርኩና መሃሉ እስኪረግብ ለቀቅ አደረግሁት። ሲተኙበት አሁንም ወገባቸው ወደ ታች ጎበጠ። እግራቸውን ወደ አንዱ ጠርዝ፣ ራሳቸውን ወደ ሌላው ሳብ አድርጌ በሰያፍ ሳስተኛቸው ጨርቁ ተዘረጋ፤ ጀርባቸውም ቀጥ አለ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ እህቴ ደወለች። «አልጋሽ እኮ መድኃኒት ሆነኝ፤ አላህ ይስጥሽ» አሏት። ያስተካከልኩት እኔ መሆኔን እስኪነግሯት አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅኩ። ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ጠይቀዋት ስልኩን ዘጉት።

መስጊድ ሲሄዱ እኔም ወጥቼ ተኛሁበት። እንዲህ የሚመች መኝታ አይቼ አላውቅም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።