አዴ ቤት ያደረው ሽንኩርት

ሽንኩርቱ የኔ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ያኔ ለመናገር አንድ ሳምንት ስለፈጀብኝ ነው።

አዳማ ላይ ሽንኩርት ከምንነግደው ብዙዎቻችን መጋዘን የለንም። ከዓለም ጤና ከተማ በአይሱዙ ጭነን መጥተን ገበያው ካልጣመን ጭነቱን ሰፈር ውስጥ እናሳድራለን፤ አንዷ ጎረቤት ቤት አምስት ማዳበሪያ፣ ሌላዋ ጋ ዐሥር። በዚህ ሙቀት ሽንኩርት ከታፈነ ይበሰብሳልና፣ ያሳደረችው ሴት በየቀኑ እያገላበጠች የላሸቀውን ትለቅማለች። ከለቀመችው ውስጥ ደህና ደህናውን ደጇ ላይ በመደብ በመደብ አድርጋ ትሸጣለች፤ ድካሟ የሚከፈለው በዚያ ነው። ውል የለው፣ ፊርማ የለው። አደራ የምንላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማን እንደሆነ ለማንም እንዳትናገር።

በዚያ ሰሞን አደራው ከብዶ ነበር። ሽንኩርት መወደድ ጀምሯል፤ ሬዲዮው ጠዋት ማታ "ምርት የሚደብቁ ነጋዴዎች" ይላል። እኔም አልዋሽም፣ ትንሽ ይጨምር ብዬ ይዤ ነበር።

ሃያ ማዳበሪያ ያሳደርኩት አዴ ቤት ነው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰፈሩ በኦሮምኛ አክብሮ "አዴ" ይላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚገዙት በየወሩ በምትሰጣቸው የመንግሥት ድጎማ ነው። እኔ ለሌላ ጭነት ዓለም ጤና ሳለሁ ሁለት የቀበሌ ሠራተኞች ድጎማ የሚገባውን ከማይገባው እናጣራለን ብለው፣ ታብሌት ይዘው መጡ።

"ይሄ ሁሉ ሽንኩርት የማን ነው?"

"ቤቴ ያለው የኔ ነው" አሉ አዴ።

ታብሌቱ ላይ "የጅምላ ነጋዴ" ተብለው ተመዘገቡ። በሳምንቱ ስማቸው ከዝርዝሩ ወጣ።

"ምነው የሱ ነው ቢሉ?" አልኳቸው ስመለስ።

"ለማንም አይናገሩ ያልከኝ አንተ አይደለህ? ቀበሌ ማንም ውስጥ አይገባም እንዴ?"

ከሳምንት በኋላ በአዲሱ የድጎማ አሠራር ላይ ሕዝቡ ይወያይ ተብሎ አዳራሽ ተጠራን። ውይይት የሚባለው እነሱ ሲናገሩ እኛ ስናጨበጭብ ነው። ከላይ የመጣው ኃላፊ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የታሸገ ውሃ ደርድሮ "ከጠባቂነት አስተሳሰብ መላቀቅ አለብን" አለ። "አቅም የፈጠረ ከድጎማ ይመረቃል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በግቢው ዐሥር ዶሮ ቢያረባ የት በደረስን!"

ከኋላ ልጅ ያዘለች ሴት እጇን አወጣች። "ጌታዬ፣ ግቢው የአከራዬ ነው። ቤቱን የሰጠኝም ዶሮ አታረቢ ብሎ ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ስለ ዶሮው እንዳልሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

አዴ ተነሡ። "ዶክተር" አሉት፤ ከረባት ያሰረ ሁሉ ለሳቸው ዶክተር ነው። "እኔንም ተመርቀሻል ብለውኛል። ምን ተምሬ ነው?"

ሠራተኞቹ ታብሌቱን አቀበሉት። አየና ፈገግ አለ። "እናቴ፣ እርስዎ እኮ ሃያ ማዳበሪያ ሽንኩርት ያለዎት ባለሀብት ነዎት። ለድሃው ይልቀቁለት እንጂ!"

አዴ ዞር ብለው ያዩኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢያዩኝ እናደድባቸው ነበር፣ ለመቀመጤም ምክንያት ይሆነኝ ነበር። አላዩኝም። ሻሻቸውን አስተካክለው ወለሉን እያዩ ቆሙ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስነግድ ኪሳራን ዓይኔ እያየ ተነሥቼ ተቀብዬው አላውቅም። ተነሣሁ።

"ሽንኩርቱ የኔ ነው። የሳቸው ወለሉ ብቻ ነው፣ እሱም በኪራይ።"

"ምርት ደባቂ ነህ ማለት ነዋ!" አለ ኃላፊው።

"ደብቄውማ ቢሆን ሠራተኞችዎ ቆመው አይቆጥሩትም ነበር።"

አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። "ሲስተሙ ተዘግቷል" አለ። "ቅሬታ ያለው ነገ በማስረጃ ያቅርብ።"

በማግስቱ ጠዋት በሁለት ጋሪ ሃያውንም ማዳበሪያ ጭኜ ቀበሌው በር ላይ ቆምኩ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ዘበኛው።

"ማስረጃ።"

"የት ነው የሚገባው?"

"አለቃህን ጠይቅ። ግን አይቆይ፣ ይበሰብሳል።"

ግቢው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተተ። ስብሰባ የነበራቸው መስኮት ዘጉ፤ ሙቀቱ ሲያሸንፋቸው መልሰው ከፈቱ። ከሰዓት በፊት ሁለቱ ሠራተኞች አዴ ቤት ሄደው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጄሪካንና ባዶ ወለል አይተው መጡ።

ሽንኩርቴን ግን አልመለሱልኝም። "ከደባቂ ነጋዴ የተያዘ" ተብሎ እዚያው በር ላይ በቅናሽ ለሕዝብ ተሸጠ፤ ኃላፊው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። እኔም ተሰለፍኩ።

"አንተ ደግሞ ምን ፈልገህ ነው?" አለኝ ኃላፊው ተራዬ ሲደርስ።

"ሽንኩርት። ቤት አልቆብኛል።"

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቃቸውን ሲለቁት ሁለት ኪሎ አስመዘነልኝና ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ከሁለቱ ሠራተኞች አንዱ ወረቀት ይዞ አዴ ጋ መጣ። ስማቸው እንዲመለስ "ከእንግዲህ የሌላ ሰው ንብረት በቤቴ አላስቀምጥም" ብለው መፈረም አለባቸው።

"ይፈርሙ አዴ" አልኳቸው እስክሪብቶ አውጥቼ። "ወረቀት ነው።"

"አንተ ዝም በል። ነገ ብትሞት ድንኳንህ ሲነሳ የእድሩ ወንበር የት ይደር? ጎረቤቴ ቤቷ ሲፈርስባት አልጋዋን የት ታስቀምጥ? አልፈርምም።"

"ካልፈረሙ እኮ ስምዎ አይመለስም" አለ ልጁ።

"አይመለስ!"

ልጁ ወዲያ ወዲህ አየና ፊርማው ቦታ ላይ ጫር ጫር አደረገ።

"ምን ብለህ ጻፍክ?"

"ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ብዬ... ልረዳዎት ነው።"

አዴ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቁት። "ቁቤም ፊደልም አነባለሁ! ሰርዘው። እምቢ አሉ ብለህ ጻፍ።"

ሰርዞ እዚያው ፊርማው ቦታ ላይ ጻፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ዝርዝር ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የአዴ ስም አለ፤ የፊርማው ቦታ መሞላቱን እንጂ ምን እንደተጻፈበት ያየ የለም መሰለኝ። ከጎኑ በቅንፍ "እምቢ አሉ" ይላል፤ የኃላፊው ፊርማና ክብ ማኅተም አርፎበታል።