ዲሹ ያለበት ግቢ

ወለንጪቲ ገብቶ የየሺዓለምን ቤት የሚፈልግ ሰው ስሟን መጥራት አያስፈልገውም። «ዲሹ ያለበት ግቢ» ካለ ባለባጃጁ ሳይጠይቅ ያደርሰዋል። ዲሹ ግን ዲሽ አይደለም። ሦስት ዝርግ ብረቶች በአንድ ጥግ ተገጣጥመው፣ አፉን ወደ ሰማይ እንደከፈተ የሣጥን ጥግ ሆነው፣ በሲሚንቶ በተተከለ እግር ላይ ቆመዋል። የተተከለ ሰሞን ሰፈርተኛው ሁሉ ስንት ቻናል እንደሚይዝ ሲጠይቅ ከረመ። የአጥር ጎረቤቷ አቶ አብተው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኳስ ጨዋታ ሲኖር ቀድማ እንድትጠራቸው አደራ ብለዋት ነበር።

ነገሩ የመጣው መሬት እረፍት ባጣበት በዚያ ዓመት ነው። ከመተሐራና ከፈንታሌ በኩል በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወለንጪቲም ትነቃነቅ ነበር። ብርጭቆ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ቆርቆሮ ይንቋቋል፣ ሰው ልጁን አቅፎ ወደ ደጅ ይሮጣል። በዚህ መካከል ጋዲሴ የምትባል ወጣት የመሬት ተመራማሪ፣ ባርኔጣዋ ከትከሻዋ የሚሰፋ፣ ከተማውን ስትዞር ቆይታ የየሺዓለምን ግቢ መረጠች። ግቢው ሰፊ ነው፤ ጥግ ላይ ካለችው ኒም በቀር የሚጋርደው ዛፍ የለም። ባለቤቲቱም አደራ የማትበላ ሴት መሆኗን ሰው ነግሯታል።

ብረቱን ያስተከለች ቀን አሠራሩን አስረዳቻት።

«እትዬ የሺ፣ የገደል ማሚቶ ያውቃሉ አይደል? ይጮኻሉ፣ ገደሉ ይመልስልዎታል። ሳተላይቱም ከላይ ሲያልፍ በዓይን የማይታይ ሞገድ ይልካል፣ ይኼ ብረት ደግሞ ይመልስለታል። ሰንብቶ በዚያው መንገድ ሲያልፍ እንደገና ይጣራል። በመሐል መሬቱ ከፍ ወይ ዝቅ ካለ መልሱ ይለወጣል። የጣት ውፍረት ያህል ብትሆን እንኳ አትጠፋውም።»

የሺዓለም ገባት። ሰማይ ይጣራል፣ ግቢዋ አቤት ይላል፤ ሌላ ምን አለው? ልብስ እንዳይሰጣበት፣ ከብት እንዳይታከክበት፣ ልጅ እንዳይንጠለጠልበት አደራውን ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ ቲማቲምና ሽንኩርቷን ይዛ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ብረቱን በጨርቅ ትወለውላለች፤ ጥጉ ላይ የተጠራቀመውን ቅጠል ታራግፋለች፤ እንቁላል ልትጥልበት የምታንዣብበውን ዶሮ ታባርራለች። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ወዬሳ አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አይተው፣ ሟቹ ባሏ ይህን ያህል ተወልውሎ ቢሆን ዛሬም በቆመ ነበር አሏት። እሷም የእሳቸው ሚስት ስትወለውላቸው አይታ እንደማታውቅ መለሰችላቸው። ሁለቱም ስቀው ወደየሥራቸው ሄዱ።

የሺዓለም ግን ከሳቁ በታች ሌላ ሐሳብ ነበራት። አንድ ልጇ ማርቲ አዳማ ላይ ጫምሳ የሚባል ባለባጃጅ አግብታ ትኖራለች፤ ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የትም ይወለድ የት፣ አራስነቱ በእናት ቤት ነው። እናት ልጇን ካላረሰች ምኑን እናት ሆነች? ለዚህ የተዘጋጀችው ክፍል ባሏ በሕይወቱ ሳለ ድንጋዩን በአህያ አጓጉዞ በጭቃ የገነባት፣ ማርቲም ራሷ የተወለደችባት ጓዳ ናት። መሬቱ ሲነቃነቅ ግድግዳዋ ከመስኮቱ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ ተሰነጠቀ። የሺዓለም ስንጥቁን በጭቃ ሞልታ፣ ላዩን ኖራ ቀባችው። ነጭ ሆነ፣ አማረ። ጫምሳ ለጥየቃ በመጣ ጊዜ ግድግዳውን ትክ ብሎ አየው። አማች ነውና አፉን ያዘ፤ ዓይኑን ግን መያዝ አልቻለም። እሷም እንዳላየች ሆነች።

የካቲት ላይ አቶ አብተው ኳሱን ሳያዩ አረፉ። የእድሩ ድንኳን ተጫነና መጣ። የእሳቸው ደጅ ጠባብ ስለነበር አጥሩ ተከፍቶ ድንኳኑ እስከ የሺዓለም ግቢ ተዘረጋ። የወለንጪቲ ነፋስ መቼም የሰው ለቅሶ አያከብርም። ሸራውን ከወዲያ ወዲህ እያጋጨ አስቸገረ። መሬቱም ድንጋይ ሆኖ ካስማ አልቀበል አለ፤ ኦቦ ወዬሳ የአንደኛውን ገመድ ጫፍ ይዘው ማሰሪያ ፍለጋ ሲዟዟሩ የሺዓለም ከእጃቸው ተቀበለቻቸው። የአጥር ጎረቤት ሞቶ የድንኳን ገመድ ማሰሪያ ይከለከላል? በገዛ እጇ በብረቱ እግር ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ድንኳኑ እስከ ሰልስት ድረስ በነፋስ ሲወጠርና ሲላላ ቆይቶ ተነቀለ። ገመዱ ተፈታ፤ ማንም አላስታወሰውም። የሺዓለምም በነጋታው ብረቷን ወለወለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መጋቢት ላይ የከተማው ሰው በሙሉ የሺዓለም ያላወቀችውን አወቀ። ጋዲሴና ባልደረቦቿ ለስብሰባ ያዘጋጁትን ካርታ አንድ ሰው ከግድግዳ ላይ በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ካርታው አረንጓዴ ነው፤ ወለንጪቲ ላይ ግን አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ነጥቧ የምታርፈው ዲሹ ያለበት ግቢ ላይ ነው። ቀይ ማለት መሬቱ የሄደበት ማለት ነው ተባለ። ቲማቲም ሊገዙ የሚመጡ ደንበኞች ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ቤቷ መቼ እንደሚሰምጥ ይጠይቋት ጀመር።

ማርቲ የደወለችው በዚያው ቀን ነው። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«እማዬ፣ ካርታው ላይ ቀይ የሆንሽው አንቺ ብቻ ነሽ አሉ።»

«እኔ ደግሞ መቼ ነው ቀይ ሆኜ የማውቀው? ጠይም አድርጎ ነው የፈጠረኝ።»

ማርቲ አልሳቀችም። ጫምሳ አራሷን ወደዚያ እንደማይልክ፣ ይልቅ እናቷ ቤቷን ዘግታ አዳማ እንድትመጣ እንደሚለምን ነገረቻት። የሺዓለም አዳማ ያለውን ቤታቸውን ታውቀዋለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኪራይ ክፍል ነው፤ ውኃ በጄሪካን ነው የሚወጣው፤ መሬት ሲነቃነቅ ከሁሉ በፊት የሚወዛወዘውም እሱ ነው። ይህንን ስትል ማርቲ ስለ አራስ ምግብ፣ ስለ ማረፊያ፣ በስልክ ስላነበበችው ሁሉ ታስረዳት ገባች። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለችና የሺዓለም ስልኩን ዘጋች።

ወደ ጋዲሴ ደወለች። ጋዲሴ ቀድማ መንገድ ጀምራለች፤ ካርታው በዚያ መልክ መውጣቱ አናዷት፣ ነጥቡ ደግሞ አሳስቧት ኖሯል። ግቢ እንደገባች «አካም ጅርቱ» ብላ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ወደ ብረቱ ሄደች። እግሩን ነካካችው። ከቦርሳዋ ውኃ ልክ አውጥታ ብረቱ ላይ አስቀመጠችው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ከመሐል ሸሽታ ጥግ ይዛ ቀረች። ብረቱ ወደ አቶ አብተው አጥር ጎንበስ ብሏል፤ በዓይን አይታይም፣ ለሳተላይት ግን ያ ብዙ ነው።

ጋዲሴ ተንበረከከችና በእግሩ ላይ ተጣብቆ የቀረ ሰማያዊ የገመድ ክር በጣቷ አነሳች። «እትዬ፣ እዚህ ላይ የታሰረ ነገር ነበር እንዴ?»

የሺዓለም ክሩን አየችው። ያንን ሰማያዊ ገመድ በወለንጪቲ የማያውቀው የለም፤ በየለቅሶው ይመጣል።

«ድንኳን» አለች። «የአብተው ድንኳን። በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት።»

ጋዲሴ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ እፎይ እንዳለ ሰው ነው የሳቀችው። የጎረቤቶቿ የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ለሳተላይቱ መልስ እንደሚሰጥ፣ የአንዳቸውም መልስ እንዲህ እንዳልተለወጠ፣ ነጥቡን ገና ስታየው እንደጠረጠረችው ነገረቻት። አንድ ግቢ ብቻውን ከሰፈሩ ተለይቶ አይሄድም። ጥፋቱም የሷ ጭምር ነው አለች፤ ስለ ልብስ ስለ ከብት ስትዘበዝብ በወለንጪቲ ድንኳን የሚባል ነገር እንዳለ አላሰበችም። ኦቦ ወዬሳ ተጠርተው ሲሰሙ ጢማቸውን እያሻሹ፣ አብተው ሞቶ እንኳን ሰው እንደሚያስቸግር አውቅ ነበር አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አዝሏል።

የሺዓለም ግን የቸኮለችበት ሌላ ነው። «እንግዲያው ልጄ ትምጣ በያ» አለቻት ጋዲሴን። «ለአማቼ ደውለሽ አንቺው ንገሪልኝ። አይነቃነቅም በይው።»

ጋዲሴ ባርኔጣዋን አወለቀች።

«እሱን አልልም፣ እትዬ። ሳተላይቱ የሄደውን ነው የሚለካው፤ የሚመጣውን አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ግቢዎ ውስጥ መሬቱ አልተቀደደም፣ ይኼ እውነት ነው። ነገ አይነቃነቅም ብዬ ብምል ግን ውሸታም እሆናለሁ።» ቀጥላ በአገጯ ወደ ነጩ ግድግዳ ጠቆመች። «እኔ እናቴን እዚህ የማላስተኛት በመሬቱ ምክንያት አይደለም። በሱ ምክንያት ነው።»

ጋዲሴ ብረቱን አቃንታ ከሄደች በኋላ የሺዓለም ጓዳው ውስጥ ገብታ ግድግዳው ፊት ቆመች። እጇን በኖራው ላይ አሳለፈችው። ከሥር ያለው ስንጥቅ በመዳፏ ይታወቃታል፤ ከቀባችው ጊዜ ይልቅ ሰፍቷል። ባሏ ድንጋዩን እየመረጠ ሲያነሳ፣ «ይኼ ለልጅ ልጅ ነው» ሲል የነበረውን አስታወሰች። ብዙ ቆመች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለጫምሳ ደወለች።

«ጫምሳ፣ የፈራኸው ካርታውን ነው ግድግዳውን?»

ከወዲያ የባጃጅ ሞተር ጠፋ።

«ግድግዳውን ነው እማማ።»

«ታዲያ ለምን አፍ አውጥተህ አልነገርከኝም?»

«የአባታችን እጅ ነዋ። ምን ብዬ ልናገር?»

የሺዓለም በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «እሁድ ና» አለችው። «አንተው ታፈርሰዋለህ።»

እሁድ ጫምሳ ባጃጁ ላይ ዶማና መዶሻ ጭኖ መጣ። የእድሩ ሰዎችም መጡ፤ ኦቦ ወዬሳ ሰማያዊውን ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ነበር። ይኼ ገመድ በደል ሠርቷልና ዛሬ ይካስ አሉ። ገመዱ በመስኮቱ አልፎ ግድግዳው ላይ ታሰረ። ወንዶቹ ገና ጠበቅ አድርገው ሳይስቡት ግድግዳው እንደ ሙሉ ጆንያ ተደርምሶ ወረደ። ሁሉም አንድ ነገር ነው ያሰበው፤ ጫምሳ ብቻ ዞር ብሎ አማቱን ትከሻዋን ያዛት። እሷም ድንጋዮቹን እንዳይጥሏቸው አዘዘች። በነሱ የአዲሷን ክፍል ወለል ከፍ አደረጉላት፤ ላይዋ ግን ቀላል ሆነ፤ እንጨትና ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሙቀቱን እንዲይዝላት ኮምፔርሳቶ። የድሮው መስኮት በቦታው ገባ።

ማርቲ አዳማ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደችና ወደ እናቷ መጣች። ወለንጪቲ በዚያ ወር ትጋላለች፤ መስኮቱ ተከፍቶ ይውላል፤ ሕፃኗ እንደ ድመት ግልገል ተጠቅልላ ትተኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት ምድር ትንሽ ነቅነቅ አለች። ቆርቆሮው ተንቋቋ፣ ማርቲ ልጇን ታቅፋ ከአልጋዋ ወረደች፣ የሺዓለም ገንፎ የያዘ ማንኪያዋን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ወዲያው ጸጥ አለ። ሕፃኗ አልነቃችም። «ብይ አፍሽን ክፈቺ» አለች የሺዓለም፤ ማርቲም ተመልሳ ተቀመጠችና ከፈተች።

በማግስቱ ጫምሳ ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ የሕፃኗን ጨርቆች በገዛ እጁ አጥቦ፣ አማቱ ፊት ይህን ማድረጉ እያኮራው ግቢ ወጣ። የልብስ ገመድ ይዟል። አንዱን ጫፍ በቤቱ በረንዳ ላይ አሰረ። ሌላውን ጫፍ ይዞ ዓይኑን በግቢው ላይ አሳለፈና ቁመቱ ለገመዱ ልክ ወደሆነው ብረት ሁለት እርምጃ ሄደ።

የሺዓለም መስኮቱ ላይ ነበረች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

ጫምሳ ቆመ። ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ አየ፤ ከዚያ ወደ አማቱ። ፈገግ አለና ገመዱን እየጎተተ ወደ ኒሟ ሄደ።